ሰባተኛው ክኒን

«ሽማግሌውን ጥሪልኝ» አለ ሰውየው፤ ሰላምታ የሚባል ነገር መኖሩንም የረሳ ይመስል ነበር።

መወልወያዋን ይዛ ወለሉን የምታጸዳው ልጅ ቀና አለች። «የትኛውን ሽማግሌ?»

«የእቶኑን። ይህን የጻፈውን።» በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረገው። «‹እኔ ሳልኖር የከፈተ፣ እኔ ስኖር አይገባም።› ይህ የጤነኛ ሰው ጽሑፍ ነው? ዕቃዬ እቶን ውስጥ ከገባ ሦስት ቀኑ። ቅዳሜ ገባ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ሽማግሌ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በአጻጻፉ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ጥርስ የለውም።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከስ አደረገች። ሠላሳ ሁለቱም ጥርሶቿ ቦታቸው ላይ ነበሩ። «አርብ ና» አለችው። «ሽማግሌው አርብ ይከፍተዋል።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔማ ምን አውቄ፤ ወለል ነው የምወለውለው።»

ሰውየው በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። ወረቀቱ አንድ ጫፉ ተላቀቀ። እሷም መልሳ ለጠፈችው።

የእቶን ክፍሉ ኃላፊ እሷው ነበረች። በየማለዳው ወለሉን በእጇ የምትወለውለው ጽዳት ሠራተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ የሰው ጫማ ይዞት የሚገባውን አቧራ እንደ ደመኛ ስለምታየው ነው። ሥራዋ ዱቄት ነው። የኦክሳይድ ዱቄት፤ ነጩን፣ አመድማውን፣ ቡናማውን እየመዘነች ትቀላቅላለች፣ በድንጋይ ሙቀጫ ታደቀዋለች፣ ጨምቃ ክኒን ታስመስለዋለች። ከዚያ በነጭ የሴራሚክ ስኒ አድርጋ ለእቶኑ ትሰጠዋለች። ሙቀቱ ሽቅብ አንድ ቀን፣ ቁልቁል አምስት ቀን። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ቀስታ» ይሏታል፤ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ናት ለማለት ነው። ስሙን አልጠላችውም፤ ከዚያ የከፋም ሊወጣላት ይችል ነበር።

አርብ ዕለት ሰውየው ሲመለስ፣ ያችው ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ እስከ ክርኗ የሚደርስ የሙቀት ጓንት አጥልቃ የእቶኑን በር ስትከፍት ደረሰ። ደፉ ላይ ቆመ። የበሩን ወረቀት አየ፤ እሷን አየ፤ ተመልሶ ወረቀቱን አየ።

«ሽማግሌው… አልመጣም?»

«መጥቷል» አለች ዞር ሳትል። «ጥርስ አብቅሎ።»

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። ይቅርታ ማለት ሲገባው፣ «ወለሉ ንጹሕ ነው» አለ። ከዚህ የባሰ የሚባል ነገር ቢፈልግም አያገኝም ነበር። ግን አንዳንድ ፍቅር እንዲህ ካለ ቂልነት ይጀምርና ሰው በኋላ ትልቅ ነገር ያስመስለዋል።

ምድር ቤት ያለውን ትልቁን መለኪያ ማሽን የሚሠራበት እሱ ነበርና «ባለማግኔቱ» ይሉታል። እሷ የጋገረችውን ክኒን በፈሳሽ ሂሊየም ያቀዘቅዘዋል፣ ማግኔት መሆን አለመሆኑን ይለካል።

«በሦስት ቀን ቢወጣ ምን ይሆናል?» አላት ያን ዕለት፣ ከኀፍረቱ ሲመለስ።

«ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት አለ አይደል? አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ፣ ተራ በተራ መቀመጥ አለባቸው። ካጣደፍካቸው ቦታቸውን ሳያገኙ ባሉበት ይደርቃሉ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። መጽሐፍ ላይ አለ።»

«መጽሐፍ እቶን ውስጥ አይገባም» አለችው። «ይቃጠላል።»

ከዚያ በኋላ ባለማግኔቱ ምክንያት ይፈጥር ጀመር። «ቁጥሩን ላይ ብዬ ነው» እያለ ይመጣል። የእቶኑ ትንሽ መስኮት ላይ ቀይ ቁጥር አለ፤ ስድስት መቶ አርባ ይላል። «ከጠዋቱ ሠላሳ ዲግሪ ወርዷል» ትለዋለች። እሱም የታመመ ዘመድ እንደተሻለው ሰው በጥሞና ራሱን ይነቀንቃል። ሁለቱም ቁጥሩን ያያሉ። ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ አብረው ይተነፍሳሉ። የሚባል ነገር የለም፤ የሚባለው ሁሉ ግን ያኔ ይባል ነበር።

በስድስተኛው ክኒን ጊዜ ቤቷ ወሰደችው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የፊት ለፊቱ ክፍል የስፌት መኪናዋ፣ የጨርቅ ጥቅሏና የወደቀ የስፒል መርፌ ግዛት ነው። ከወገቧ በክር የሚንጠለጠል የፈረስ ጫማ የመሰለ ማግኔት አላት፤ መርፌ ሲወድቅባት ጎንበስ ሳትል ማግኔቱን ወለሉ ላይ ትጎትተዋለች።

«እና አንተ ልጄ ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው ሻይ አቅርባ።

«ማግኔት ነው እማማ።»

«ማግኔትማ እኔም አለኝ» አለች ክሩን ከፍ አድርጋ።

ሳቁ። ከዚያ ባለማግኔቱ የሰው ቤት መሆኑን ረስቶ መርፌዎቹን ጠረጴዛው ላይ ይደረድር ጀመር። «ይኸውልዎት፤ ቀይ አናት ያለው አንዱ ብረት፣ ነጭ አናት ያለው ሌላው ብረት። ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ።»

«ዳማ ዳማ ጨርቅ ነዋ።»

«አዎ! ከዚያ ደግሞ ሁሉም ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ይሉና ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ስለዚህ ራስጌና ግርጌ ይኖረዋል። ፔሮቭስካይት የምንለው የማዕድን ዘር ውስጥ እንዲህ ያለው ብዙ አይደለም።»

«ይሄማ ከፋይ ነው» አለች እናት፤ ከመደርደሪያው ቁራጭ አውጥታ እጁን ጨርቁ ላይ አደረገችው። «ቁልቁል ዳብሰው፤ ይለሰልሳል። አሁን ሽቅብ፤ ይጎረብጥሃል። አገላብጦ የቆረጠው ሰው ቀሚሱ ሁለት ቀለም ይወጣበታል።»

ባለማግኔቱ ከፋዩን ሁለት ሦስት ጊዜ ዳበሰ። «እኔ ይህን ለሰው ለማስረዳት ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል» አለ።

«ማግኔቱስ የት አለ?»

«እያንዳንዷ አቶም ትንሽ ማግኔት ናት። ግን አንዷ ወደ ላይ ስትል ጎረቤቷ ወደ ታች ትላለች።» መርፌዎቹን አንዱን ሽቅብ አንዱን ቁልቁል አዞራቸው። «ሲደመር ዜሮ።»

«ሆድና ጀርባ።»

«ሆድና ጀርባ። እኔ የምፈልገው እንደ ከፋይ አቅጣጫ ያለውም፣ እንደ እርስዎ ማግኔት የሚስብም ነው፤ ያውም ሳናቀዘቅዘው። ሁለቱ ጠባይ በአንድ ቤት አይስማሙም ይባላል። ያን ያገኘ ሰው…»

«ያን ያገኘ ሰው ቋሚ ይሆናል?» አለች እናት።

ቀስታ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች፤ ስኳር አልጨመረችበትም ነበር። የባለማግኔቱ ውል በየስድስት ወሩ የሚታደስ መሆኑን ለእናቷ የነገረችው እሷ ናት።

«ይሆናል» አለ እሱ ቀስ ብሎ።

ከሄደ በኋላ እናት መርፌዎቹን በማግኔቷ ለቀመቻቸው። «በየስድስት ወሩ የሚታደስ? ሰው ነው ወይስ መንጃ ፈቃድ?» አለች። ግን ወድዳው ነበር፤ የማትወደውን ሰው ከፋይ አታስነካም። «ቋሚ ይሁንና ቀሚስሽን በእጄ እሰፋለሁ። እስከዚያ ጨርቁን እገዛለሁ። ጨርቅ መግዛት መዳር አይደለም።»

በሳምንቱ ባለማግኔቱ አንዲት ሰማያዊ ሣጥን ይዞ መጣ። ውስጧ ወረንጦ ነበረች፤ ቀጭን፣ ጫፏ የሾለ፣ እንደ መስታወት የምታበራ ብረት።

ቀስታ ብረት ዱቄቷን አያስነካም። ይህ ሕግ ከበሩ ወረቀት የበለጠ ጽኑ ነው። ክኒን የምትይዘው በፕላስቲክ ወረንጦ ነው፤ ያቺም በሙቀት ብዛት አንድ እግሯ ተንጋድዶ፣ ቀለሟ ጥርስ መስሎ ነበር። እሱ ያየው ይህን ነው። ለሌላ ሴት ሌላ ሰው ቀለበት እንደሚያይላት፣ እሱ ለእሷ የተንጋደደች ወረንጦዋን አይቶ አዘነላት።

«ብረት ናት» አለችው።

«የማይዝገው ዓይነት ነው። ማግኔት አይስበውም ብሎ ሻጩ ምሎልኛል።»

ሻጭ ሲምል ማን ያምናል? በሌላ ቀን ቢሆን ምድር ቤት አውርዳ ታስለካው ነበር። ግን ሰው የሰጠውን ስጦታ፣ በዚያው ሰው ማሽን፣ በፊቱ እንዴት ይፈትኑታል?

ሰባተኛው ክኒን ስኒው ሥር ተጣብቆ ወጣ። ፕላስቲኳ ታጠፈች። ቀስታ ሰማያዊዋን ሣጥን ከፈተች፣ በአዲሷ ወረንጦ ጫፍ ዙሪያውን ፋቅ ፋቅ አድርጋ ክኒኑን አላቀቀችው። መዝገቧ ላይ እንደ ልማዷ የሆነውን ሁሉ ጻፈች፦ «ሰባተኛው። ተጣብቆ ነበር። የተላቀቀው በአዲሱ ብረት ወረንጦ።» ትንሽ አሰበችና ጎኑ ላይ «ስጦታ» ብላ ጨመረች። ለምን እንደ ጨመረች እሷም አታውቅም። ደስ ስላላት ይሆናል።

በማግስቱ ባለማግኔቱ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ መጣ። እጁ ላይ ግራፍ ነበር።

«እይው! ያለ ምንም ማቀዝቀዝ! ማግኔቱን ስጨምር መስመሩ ይወጣል፣ ስቀንስ ይመለሳል፤ ግን በሄደበት መንገድ አልተመለሰም። አየሽ? እውነተኛ ማግኔት እንዲህ ነው፤ የሆነበትን አይረሳም።»

ከነጓንቷ አቅፎ አነሳት። መዝገቡ ከጠረጴዛው ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

ወሬው ፈጠነ። በሩቅ አገር ያለ ትልቅ ላብራቶሪ ጻፈለት፤ ውጤቱ ከጸና ቋሚ ቦታ እንደሚሰጡት ነገሩት። እናትም ነጩን ጨርቅ ቆርጣ፣ ጥለቱን በመርፌ አያያዘችና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ስምንተኛው ክኒን ሲደርስ ሰማያዊዋ ሣጥን ቤት ነበረች፤ ለእናቷ ልታሳይ ወስዳት ረስታታለች። በተንጋደደችው ፕላስቲክ ግማሽ ሰዓት ታግላ አወጣችው። ተለካ። ምንም የለም። ዘጠነኛው ተለካ፤ እሱም ምንም።

«ሁለቱን አበላሽተሻቸዋል» አላት ባለማግኔቱ። በቁጣ አልነበረም፤ ቀለል አድርጎ ነው ያለው፤ ለዚህም ነው የጎዳት።

ዱቄቱ ያው፣ ሙቀቱ ያው፣ አምስቱ ቀን ያው። ቀስታ መዝገቧን ከፍታ ሦስቱን ገጾች ጎን ለጎን አነበበች። የሚለያዩት በወረንጦው ብቻ ነው። የሰባተኛውን ስኒ ፍርፋሪ በስስ ወረቀት ጠቅልላ ወደ ቤት ወሰደችው።

ከሰዓት ነበር፤ እናቷ የአንዲት ደንበኛ እጅጌ ላይ አቀርቅራለች። ቀስታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ የእናቷን ማግኔት ከሥሩ አድርጋ ቀስ እያለች ጎተተች። ቡናማው ዱቄት እንደ ተኛ ቀረ። ከመሐሉ ግን ሦስት የጠቆሩ ነቁጦች ተነሥተው ቆሙ፤ ማግኔቱ በሄደበት ተከትለው ሄዱ።

«የኔ መርፌ ስባሪ ነው?» አለች እናት።

«አይደለም እማ» አለች። «የኔ ነው።»

ባለማግኔቱን ያገኘችው ምድር ቤት፣ የሂሊየም ጋኖቹ አጠገብ ነው። ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየው።

«በእናትሽ መርፌ መልቀሚያ ነው ሥራዬን የምትፈትኚው?»

«ከወረንጦው የተፋቀ ነው። ሦስት ነቁጥ።»

«እንድሄድ አልፈለግሽም።»

«አንተ ስትሄድ ነው የኔ ቀሚስ የሚሰፋው» አለችው። «አስበው እስቲ። ይህን መንገር ምን ይጠቅመኛል?»

ከጋኖቹ አንዱ ተነፈሰ። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «መዝገቡ ላይ ምን ጻፍሽ?»

«የሆነውን።»

«አንድ ቃል ናት። ‹ብረት› የምትለውን ብቻ…»

«አትጠይቀኝ።»

«ተጋብተን ስንኖር አንድ ቀን ስቀን የምናወራው ነገር ነው እኮ።»

«አሁን ሳቅ አልመጣልኝም።»

የውጤቱ ጽሑፍ ለኅትመት ከመላኩ በፊት ስብሰባ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ቀስታ ዞሩ። «ከአዘገጃጀቱ በኩል የሚነገር ነገር አለ?»

ባለማግኔቱ አያት። በዚያች እይታ ውስጥ የእቶኑ ቀይ ቁጥር፣ ከፋዩ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነጭ ጨርቅ ሁሉ ነበሩበት።

«መዝገቡ ላይ አለ» አለች።

መዝገቡ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከጋሼ ክርን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። «መልካም» አሉ ጋሼ፤ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱት። ማንም አልከፈተውም።

ዋሸች አይባልም። እውነቱን ተናገረችም አይባልም። እሷ ራሷ የትኛው እንደሆነ ሳትቆርጥ ስንት ማለዳ ወለል ወለወለች።

ባለማግኔቱ ሄደ። ሲሰናበታት ግንባሯን ሳማት፤ ዓይኗን ግን አላየም። መጀመሪያ ደብዳቤው በየሳምንቱ ነበር፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ካርድ። ጽሑፉ ታተመ፤ መጨረሻው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ዱቄቱን ስላዘጋጀች ተመስግናለች። እናት አላነበበችውም። አንድ ቅዳሜ ነጩን ጨርቅ ከግድግዳው አወረደችና መርፌዎቹን በማግኔቷ አንድ በአንድ ሳበቻቸው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልተናገረችም፤ ቀስታም አልጠየቀቻትም።

ከባለማግኔቱ ሌላ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጭር ነበር። «እዚህ ስንሠራው አይወጣም። እየጠየቁኝ ነው። እባክሽ፣ ልክ እንደ ሰባተኛው አድርገሽ አንድ ላኪልኝ።»

«እንደ ሰባተኛው» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች። ሰማያዊዋ ሣጥን እዚያው ናት። ወረንጦዋን አውጥታ በጣቶቿ መሐል ያዘቻት፤ ዛሬም እንደ መስታወት ታበራለች። ሁለት ጊዜ ፋቅ ማድረግ ይበቃ ነበር። ሰውየው ይድን ነበር፤ ምናልባት ተመልሶ ይጽፍላትም ነበር። እቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አሥራ ሁለት ዲግሪ እስኪወርድ እንደያዘቻት ቆየች።

ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ መለሰቻት። ቀደም ብላ የጋገረችውን ክኒን በተንጋደደችው ፕላስቲክ አነሳችው፣ ጠቀለለችው፣ ላዩ ላይ «ብረት ያልነካው» ብላ ጽፋ ላከችው። መልስ አልመጣም።

በሄደ በሁለት ዓመት ከአራት ወሩ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ወለሉን ስትወለውል በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሰውየው ደፉ ላይ ቆሞ ጫማውን ደጋግሞ ጠረገ። ከስቷል፤ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል።

«ሽማግሌው አለ?» አለ።

«አለ» አለች። «አርጅቷል።»

ግባ አላለችውም፤ አትግባም አላለችውም። ገባ።

«ስህተት ነበር ብዬ ጻፍኩ» አላት። «በራሴ ስም። አንቺን አላነሳሁም።»

«አይቼዋለሁ። ሲያምር አመስግነኸኝ ነበር፤ ሲበላሽ ረሳኸኝ?»

«እንዳይነካሽ ብዬ ነው።»

«የነካኝማ ነክቶኛል።»

መቀመጫ ፈልጎ አጣ፤ ዕቃ የታሸገበት ካርቶን ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «የላክሽውን እስከ ታች ድረስ አቀዘቀዝነው» አለ። «እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። ሁሉም በየቦታው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ማግኔቶቹም አንዷ ላይ፣ አንዷ ታች፣ አንዲት ሳትስት። እንከን የለውም።»

«ድምሩስ?»

«ዜሮ።»

«ይኸው ነው እንግዲህ» አለች፤ መወልወያዋን ጨመቀች።

መዝገቡን እንድታሳየው ለመናት። የድሮውን ከመደርደሪያ አውርዳ ሰጠችው። ሰባተኛውን ራሱ ፈልጎ አገኘው። «በአዲሱ ብረት ወረንጦ» የሚለውን አለፈው፤ ከጎኑ ያለችው ትንሽ ቃል ላይ ግን ጣቱን አደረገና አላነሳም። እስከዚያ ቀን አላነበባትም ነበር። አጥፊልኝ ያለው ገጽ ላይ ምን እንደተጻፈ እንኳ ከፍቶ አላየም ነበር።

«እማማ ደህና ናቸው?» አለ ሲቆይ።

«ደህና ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ መርፌ የምታገኘው በማግኔቱ ብቻ ነው።»

«ጨርቁስ?»

«የጎረቤት ልጅ ተመረቀችበት። አምሮባት ነበር።»

የእቶኑ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ይል ነበር። ሁለቱም እሱን ያዩ ጀመር። አራት መቶ አሥራ አንድ ሲል እሱ ተነፈሰ፤ እሷ አልተነፈሰችም።

«እንደገና ብንጀምርስ?» አላት። «ሳንቸኩል። አምስት ቀን በይ፣ አምስት ወር በይ፣ አንቺ ባልሽው።»

ቀስታ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እጇን በጋዋኗ ጠረገች። የበሩን ወረቀት የተላቀቀ ጫፍ ተጭና ለጠፈችው፤ አልያዘም። መልሶ የሚቀበል ሰው ፊት አልነበራትም፤ የሚያባርርም አልነበራትም። የሰውየው ጀግንነት አለቀ፤ የሚይዘው ነገር ሲፈልግ የጎንዮሽ ነገር ያዘ።

«ወረንጦዋንስ?» አለ። «ጣልሻት?»

«ለምን እጥላታለሁ?» አለች መዝገቡን ከእጁ ተቀብላ እየከደነች። «ቅንድብ ሲነቅሉባት የሚስተካከላት የለም።»